የእህቴ ባል፣ ከበሮ መቺው ባዘቶ

የእህቴን ባል በከተማችን በሄለና ውስጥ ኦርዜል ታግል ብለው በስሙ የሚጠሩት እናቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበሩ። ለቀረነው ባዘቶ ነበር። የጥጥ ፍሬ ዘይት መጭመቂያው ውስጥ ስለሚሠራ ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ የጆሮው ቀዳዳ ሳይቀር የጥጥ ብናኝ ለብሶ ነው ከሥራ የሚወጣው። ቅዳሜ ከሰዓት ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ይመጣና ከበሮው ኋላ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያዋን ምት ሲያሳርፍ ከላዩ ላይ ነጭ ደመና ቡን ይላል። ይህችን ለማየት ብለው በጊዜ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። እሱ ለሙዚቃው የመጡ ይመስለው ነበር፤ እኛም አልነገርነውም።

እኔ ቪኖራ እባላለሁ። ሚስቱ ኢዴላ ታላቅ እህቴ ናት። ቤታችን አጥር ለአጥር ስለነበር የሰውየውን ከበሮ ፈልጌም ሳልፈልግም ዕድሜ ልኬን ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ስለ እሱ ለማውራት ከእኔ የተሻለ መብት ያላት ኢዴላ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ስትጀምር ሳቅ ያፍናታል።

የተወለደው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ማርቬል አጠገብ ገጠር ነው። እናቱ እንደምትለው መራመድ ሳይጀምር መደብደብ ጀመረ፤ የአሳማ ስብ ጣሳውን፣ የልብስ ማጠቢያ ገንዳውን፣ የታናሽ ወንድሙን ጭንቅላት። «ከሁሉም ጥሩ ድምፅ የነበረው ወንድሙ ነው» ትል ነበር።

ከበሮዎቹን ያገኘው እየዞረ መድኃኒት ከሚሸጥ አንድ ሰውዬ ነው። ሰውየው በጭነት መኪና ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ ሙዚቃ እያሰማ ሕዝብ ይሰበስብና በጠርሙስ የታሸገ መራራ ነገር ይሸጣል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ከበሮ መቺው ጥሎት ጠፋ፣ መኪናውም ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ኦርዜል የአጎቱን በቅሎዎች አምጥቶ ጎትቶ ቢያወጣለት፣ ሰውየው መቺ የሌለው ከበሮ ምን ያደርግልኛል ብሎ ሁሉንም አሸክሞት ሄደ። ችግሩ ትልቁ ከበሮ ፊት ላይ በቀይ ቀለም «የዶክተር ፔቲቦን መድኃኒት፦ ለሆድ ቁርጠት፣ ለመገጣጠሚያ፣ ለደከመ ጉበት» ተብሎ ተጽፎበታል። ባዘቶ በቢላ ፋቀው፣ በላምባ አሸው፤ ጽሕፈቱ ይባስ ብሎ ደመቀ። ከዚያ በኋላ በሄደበት ሁሉ ታማሚ አላጣም። አንዲት አሮጊት በአንድ የሠርግ ግብዣ ላይ ዘፈኑ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠብቀው ወደ እሱ መጡ።

«ዶክተር፣ ጉልበቴን ነው የሚያመኝ።»

«እማማ፣ እኔ ሙዚቀኛ ነኝ።»

«ሰማሁ፣ ሰማሁ፤ እሱ አያሳስብህ። መድኃኒቱን ብቻ ስጠኝ።»

ከኢዴላ ጋር የተገናኙት የቤተክርስቲያናችን ሰዎች ወንዙ ግድብ ላይ ሽርሽር የወጡ ቀን ነው። ኢዴላ አምባዛ እየጠበሰች ነበር። እሱ ማንም ሳይጋብዘው መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ፤ የድስቷን ክዳን አንስቶ በሁለት ሹካ መምታት ጀመረ።

«ክዳኔን መልስ» አለችው።

«ይቺ ምት ትለቅና።»

«መቼ ነው የምታልቀው?»

«እሱን ገና አላወቅኩትም።»

ዓሣው አረረ። ኢዴላ ዓሣ ስታሳርር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ።

አባታችን የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ነበር። ብሉዝ የሚባል ሙዚቃ በጓሯችን በኩል እንኳ እንዲያልፍ አይፈልግም። ኦርዜል ሊጠይቃት ሲመጣ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ መረመረው፤ እኔና ኢዴላ በር ኋላ ቆመን እንሰማለን።

«ሥራህ ምንድን ነው፣ አንተ ልጅ?»

«ዘይት መጭመቂያው ውስጥ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ቅዳሜስ?»

ኦርዜል ከቅንድቡ ላይ ብናኝ ጠረገ።

«ቅዳሜ ምን ትሠራለህ ነው የምልህ።»

«ቅዳሜ... ሰዎች እንዲንቀሳቀሱ እረዳለሁ፣ ጌታዬ።»

«ሽባዎችን ነው?»

«አንዳንዶቹ ሲመጡ እንደዚያ ናቸው። ሲሄዱ ግን ደህና ናቸው።»

አባባ በጣም ደስ አለው። ይህን የመሰለ ሩኅሩኅ ልጅ አይቼ አላውቅም ብሎ መረቀ። እውነቱን ያወቀው ከሠርጉ በኋላ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቹን ማናገር አቆመ። ጨው እንዲያቀብለው ሲፈልግ፣ አጠገቡ ተቀምጦ እያየው፣ «ኢዴላ፣ ለባልሽ ጨው እንዲያቀብለኝ ንገሪው» ይላል። ባዘቶም ጨውን ያቀብልና «ለአባትሽ ይኸው በያቸው» ይላል። ሁለቱም ይህን መቼም አልሰለቹትም።

ያን ጊዜ አብሮት የሚጫወተው ዴልማር ስፔይትስ የሚባል ዘፋኝ ነበር። ዴልማር መልከ መልካም ነው፣ የወርቅ ጥርስ አለው፣ ሃርሞኒካ ሲነፋ ድመት እንኳ ታለቅሳለች። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ምት አያውቅም። ሲያሻው ስንኝ ይዘላል፣ ሲያሻው አንዷን ቃል ይዞ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይጎትታታል። ስንት ከበሮ መቺ ተናዶ ጥሎት ሄዷል። ባዘቶ ግን ፊት ፊቱን እያየ፣ የሚዘላትን ቦታ ከመዝለሉ በፊት እያወቀ፣ አብሮት ይዘላል። የሚያዳምጠው ሰው ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስለዋል። ዴልማር ራሱም እንደዚያ ይመስለው ነበር።

የእንቅልፉን ነገር መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። በጥጥ ለቀማ ጊዜ መጭመቂያው እረፍት የለውም፤ ባዘቶ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ በቀጥታ ወደ ጨዋታ ይመጣል። አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ዴልማር የሆነ ዘገምተኛ ዘፈን ሲዘፍን ባዘቶን ባየው አፉ ተከፍቷል፣ ዓይኑ ተከድኗል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ነው። እጆቹ ግን ይሠራሉ። ዴልማር ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ተመልከቱት እንዴት እንደሚመሰጥ!» አለ። ሕዝቡም አጨበጨበ።

ለኢዴላ ሮጬ ነገርኳት። ምንም አልገረማትም።

«እኔን ሁልጊዜ ተኝቶ ጀርባዬ ላይ ነው የሚመታኝ» አለችኝ። «ፈጣን ሲሆንበት እቀሰቅሰዋለሁ። ዘገምተኛውን ግን ለምጄዋለሁ፤ እሱ ከሌለማ እንቅልፍም አይወስደኝ።»

እንግዲህ በዚያ መኸር ነው ሜምፊስ ከተማ ያለ አንድ ሸክላ የሚያሳትም ሰውዬ የዴልማርን ወሬ ሰምቶ ያስጠራቸው። እኔና ኢዴላ ጫማ እንገዛለን ብለን አብረን ሄድን። ወንዙን በጀልባ ተሻግረን፣ ከዚያ በዴልማር የአክስት ልጅ መኪና። ባዘቶ መንገዱን ሙሉ ትልቁን ከበሮ ጭኑ ላይ ታቅፎ ተጫወተ፣ ቀለደ፤ ሌሊቱን ሲሠራ እንዳደረ ሁላችንም ረሳን።

ስቱዲዮው ጠባብና እንደ ምድጃ የሚያቃጥል ክፍል ነበር። ድምፅ ይረብሻል ተብሎ ማራገቢያው ጠፍቷል። ሰውየው በመስታወቱ ኋላ ሆኖ አዳመጠና ከበሮው በዛብኝ አለ። ከበሮውን ኮት አለበሱት። አሁንም በዛ አለ። ወደ ጥግ ገፉት። አሁንም በዛ። በመጨረሻ ባዘቶን ከነወንበሩ ወደ በሩ ወሰዱት፤ ግማሹ ክፍል ውስጥ፣ ግማሹ ኮሪደር ላይ ሆነ። እኔና ኢዴላ የምንጠብቀው እዚያው ኮሪደር ላይ ስለነበር ባዘቶ ከዘፋኙ ይልቅ ለእኛ ቀረበ።

ፈጣኑን ዘፈን ከብዙ ልፋት በኋላ ጨረሱ። ቀጥሎ ዴልማር አንዲት ሴት በጀልባ ጥላው ስለሄደች የሚያለቅስበትን ዘገምተኛ ዘፈን ጀመሩ። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ የባዘቶ አገጭ ሲወርድ አየሁ። ልነቀንቀው ስነሳ ኢዴላ ክንዴን ያዘችኝ።

«እንዳትነኪው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ከነካሽው ይቆማል።»

አልነካሁትም። ዘፈኑ በሰላም ሄደ፤ እንዲያውም ከዚያ በፊት እንደዚያ አምሮ አያውቅም። ዴልማር የመጨረሻዋን ቃል ጎትቶ ጎትቶ ጨረሰ፣ የስቱዲዮው ጊታር መቺም ክሩን አስተጋብቶ ዘጋ። ከበሮው ቀጠለ። ዴልማር ወደ በሩ ዞሮ ዓይኑን አፈጠጠ። መስታወት ኋላ ያለው ሰውዬ እጁን አነሳ። እየተቀዳ ስለሆነ ማንም ትንፍሽ ማለት አይችልም፤ ዴልማር በምልክት ብቻ አንገት እንደሚቆርጥ እያሳየ ይዝታል። ከበሮው ድም፣ ጠብ፣ ድም፣ ጠብ እያለ መንገዱን ይሄዳል። ኢዴላ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ተጠጋችና መዳፏን ጀርባው ላይ አሳረፈች። እጆቹ ቆሙ። ዓይኑን ገለጠ።

«ጀመርን?» አለ።

ሰውየው ከሳቁ ብዛት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ዴልማር እንደገና እንቅዳው ብሎ ለመነ፤ ግን ሌሎች ዘፋኞች በር ላይ ተሰልፈው ነበርና አልሆነም። ሸክላው እንዳለ ወጣ። ላዩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የተጻፈው የዴልማር ስም ብቻ ነበር። እኛ ከተማ ግን ማንም ለዴልማር ብሎ አልገዛውም። ምግብ ቤት ውስጥ ባለው የሙዚቃ ሣጥን ዘፈኑ ሲጫወት ሰው ሹካውን አስቀምጦ መጨረሻውን ይጠብቃል። ከበሮው ብቻውን ሲቀር ቤቱ በአንድ ድምፅ «ባዘቶ፣ ተነስ!» ብሎ ይጮኻል።

ዴልማር እኛ በረንዳ ድረስ መጥቶ አፈጠጠበት።

«በሕይወቴ አንዴ ሸክላ ባወጣ አንተ ታንኮራፋበታለህ!»

«ዋሽተሃል፣ ወንድሜ። አላንኮራፋሁም። ደህና አድርገህ አዳምጠው፣ አንዲት ማንኮራፋት የለችም።»

ቢጣሉም ያለ ባዘቶ መዝፈን አይችልምና፣ ዴልማር ወደ ቺካጎ ሲጠራ ይዞት ሄደ። ኢዴላ እስኪደላደሉ ብላ ቀረች። እዚያ ባዘቶ አንድ ክረምት ቆየ። ሸክላ ልትቀዳ ና እየተባለ ሲሄድ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያገኛል፤ ቤት ውስጥ ሲለማመድ ታች ያሉት ሰዎች ጣራቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። «እነሱም ምት አያውቁም» ብሎ ጻፈልን።

የዚያ አገር በረዶ ሳይቀልጥ ተመለሰ። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜያለሁ፤ ኢዴላ አንሶላ እያሰጣች ስለሆነ ከአንሶላው ኋላ አትታይም። ከበሮውን በጀርባው አዝሎ፣ ከስቶ፣ አቧራ ለብሶ መጣ።

«ቪኖራ፣ ኢዴላ የት ናት?»

ደህና ነሽ ወይ እንኳ አላለኝም። ስለዚህ «አግብታለች» አልኩት።

ከበሮውን መሬት አስቀምጦ ላዩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ከአንሶላው ኋላ የኢዴላ ድምፅ መጣ።

«ማንን እንደሆነ ጠይቃት እንጂ።»

በኋላ ለምን ተመለስክ ብለው ሲጠይቁት ለሥራ ጓደኞቹ ብርዱ ነው ይላል፣ ለእናቱ ምግቡ ነው ይላል። ለኢዴላ ደግሞ ዓሣ ማጥመድ ናፍቆኝ ነው ብሏት ነበር። መንጠቆው የት እንዳለ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም። ዴልማር ግን ከዳኝ ብሎ አኮረፈ፤ ዓመታት ሙሉ አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮው መጭመቂያው፣ የሰው ሠርግ፣ የሠፈር ጭፈራ ነበር። ወጣቶቹ ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ሲወዱ ለብሉዝ የሚጠራው ሰው አነሰ፤ አንዳንዴ ከሰዓቱን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን በጣቱ እየመታ ይውላል። ያን ጊዜ አንቀልድበትም ነበር። አዲስ ፓስተር መጥቶ ለመዘምራኑ ከበሮ ያስፈልጋል ሲል ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሁሉም ዞሮ የሚያየው አባባን ነው። አባባ አርጅቷል፣ በዱላ ነው የሚሄደው። ወለሉን በዱላው አንዴ መታና ተናገረ።

«ከበሮው ይግባ። ሰውየው ግን ቅዳሜ በጊዜ ይተኛ።»

ያ ሽማግሌ ሸክላውን የት እንደሰማው እስከ ዛሬ አላወቅንም። ባዘቶ የሰማ ዕለት ከሳቁ የተነሳ ምሳውን አልበላም። በሚቀጥለው እሑድም፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ አባባ ራሱ ቀና ብሎ «ጨው አቀብለኝ» አለው። ባዘቶ ደንግጦ ስኳሩን ሰጠው።

አንድ በጋ፣ ዮሪስ የሚባል ፀጉሩን ያስረዘመ ወጣት ከቤልጂየም መጣ። ያን ሸክላ በፎጣ ጠቅልሎ ይዟል። በአገሩ ይህን ሸክላ የሚወዱ ሰዎች አሉ አለን፤ እኛ ተያየን። በረንዳ ላይ ወንበር ሰጠነው።

«ሚስተር ታግል» አለ፣ «ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ከበሮው ብቻውን የሚቀጥለው ነገር... ሚስተር ስፔይትስን ቺካጎ አግኝቻቸው ነበር። የእሳቸው ሐሳብ እንደሆነ ነግረውኛል።»

«ዴልማር እንደዚያ አለ?»

«ብዙ ጊዜ እንዳለማመዱዎትም ነግረውኛል።»

ባዘቶ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። ሳቁን እንደሚውጥ ከትከሻው አወቅሁ።

«አንተ ስትሰማው ምን ይመስልሃል፣ ልጄ?»

ወጣቱ ቀላ። «እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ቃል አለቀበት፤ ልቡ ግን መምታቱን አላቆመም ማለት ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ያምር ነበር።

«ልክ ነህ» አለ ባዘቶ በኩራት። «እሱን ነበር ያልኩት።»

ኢዴላ የሎሚ ጭማቂ ይዛ ብቅ አለች። «ተኝቶ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

ወጣቱ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየ። «ተኝተው ነበር?»

«እጄ ነቅቶ ነበር» አለ ባዘቶ።

ዮሪስ መሳቅ ሲጀምር ማቆም አቃተው። ከዚያ የዴልማርን ስልክ ቁጥር አወጣ፤ ባዘቶም ደወለ። ከስንት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር፦

«ዴልማር፣ አንተ ነህ አሉ ያስተኛኸኝ?»

የዴልማር ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኛም ጋ ደረሰ። «እኔ ነኛ! በድምፄ! እናት ልጇን እንደምታስተኛ!»

ሁለቱ አዛውንቶች እየተሳደቡ፣ እየሳቁ፣ ማን ሞተ ማን አለ እየተባባሉ ቆዩ። ስልኩን ሲዘጋ ባዘቶ ፊቱን ወደ ጓሮው አዙሮ ትንሽ ቆመ፤ ኢዴላም ብርጭቆ ለመሰብሰብ ብላ ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

ዮሪስ በነጋታው በትንሽ መቅጃ ባዘቶን በረንዳ ላይ ቀዳው። የጎረቤት ውሻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮኸ። እንግዲህ የኦርዜል ታግል የተቀዳ ሥራ በሙሉ ይኸው ነው፤ በአንዱ ተኝቷል፣ በሌላው ውሻ አለበት። ዮሪስ ስለ እሱ በአገሩ መጽሔት ላይ ጻፈ። ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ፣ «ታግል» የሚለው «ታክል» ተብሎ። ኢዴላ ቆርጣ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው፤ ባዘቶም እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንበሩን በዚያ በኩል አድርጎ ያስቀምጥለታል።

ባዘቶ ሳንባው ደክሞ በአንድ የጸደይ ሳምንት ውስጥ አረፈ። ዴልማር ከቺካጎ በአውቶቡስ መጣ፤ ሸምግሏል፣ የወርቅ ጥርሱ ግን አለች። ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ቆሞ መዝሙር ጀመረ። መጀመሪያውን ደህና አደረገ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ አንድ ቦታ ዘለለ። አብሮት የሚዘል ሰው አልነበረም። መዘምራኑ ወደ ኋላ ቀሩ፣ ፒያኖው ጠፋው፣ ዴልማር ባዘቶ ይቀመጥ ወደነበረበት ወደ ግራው ዞር ብሎ አየ፣ እንደገና አየ፣ ድምፁም ቆመ።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ኢዴላ ጓንቷን አውልቃ ማጨብጨብ ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል። ዴልማር እጆቿን እያየ እስከ መጨረሻው ዘፈነ።

ከቀብር መልስ ምሳ ላይ ሳህኑን ሁለት ጊዜ አስሞልቶ ከበላ በኋላ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«ኢዴላ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንሽ ፈጠንሽብኝ።»

«አንተ ነህ የተጎተትከው» አለችው። «ይልቅ የበቆሎ ዳቦ ጨምር።»

አውቶቡሱ እስኪነሳ ድረስ ተከራከሩ። እኔ መሐል ተቀምጬ ነበር፤ ማን ልክ እንደሆነ ግን አልናገርም፤ ከእህቴ ጋር ገና አብረን እንኖራለን።